ያልተበላ ተዝካር

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ሞጣ

በሬዲዮ የጠዋቱን ማስታወቂያ አነበብኩ። የሞተ፣ የጠፋ፣ የሚሸጥ በሬ። ሁለት ስም አሳሳትኩ። ልብ ያለ የለም። ወይ የሚሰማን የለም።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ በፕሮግራሜ የስልክ መስመር አንዲት ሴት ገባች። ስሟን አልተናገረችም። ባሏ ሲሞት ዘመዱም ጎረቤቱም ተዝካር አውጪ ብሎ ወጥሮ ያዛት። በሬዎቿን አርዳ አበላች። ዛሬ መሬቷ ጦም አዳሪ ነው። ባሌን ቀበራችሁልኝ፣ ተዝካሩ ግን እኔን ቀበረኝ አለች። አላቋረጥኳትም። ለምን አቋርጣታለሁ? አፉም የሷ፣ በሬዎቹም የሷ።

ከዚያ ወዲህ እሳት ነው። ሙታንን አሰደብሽ ተባልኩ። በትውልድ ከተማዬ በቢቸና እድሮቹ መክረው ወሰኑ፦ ሬዲዮውን የሚከፍት፣ እዚያ ከሚያስተዋውቅ ነጋዴም የሚገዛ እንዳይኖር።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ሐጂ ጠሩኝ። እዚሁ ሞጣ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ፕሮግራሜ የቆመው በሳቸው ማስታወቂያ ነው። የቢቸና ደንበኞቻቸው በደጃፋቸው አልፈው ከጎረቤት እየገዙ ነው። ሻይ አዘዙልኝ፣ ዓይኔን ግን አላዩም። ማስታወቂያውን አንሺልኝ ልጄ፣ ሴትዮዋስ እውነቷን ነበር አሉኝ። ምን ላድርገው እውነቱን?

አለቃዬም ያለ ስፖንሰር የአየር ሰዓት የለም አለ። ይህ ሳምንት ለአባትሽ አርባ ፈቃድሽ ነው፣ ቅዳሜ ጥር 30 የመጨረሻ ፕሮግራምሽ።

ላለመስማት፣ ላለመግዛት መብት አላቸው። እኔው ነኝ ካልጣማችሁ ዝጉት፣ መዝጊያው በእጃችሁ ነው እያልኩ ስሰብክ የኖርኩት። አንቺው ታመጪው አንቺው ታሮጪው!

ጥር 22፣ ዓርብ፣ ቢቸና

እሑድ የአባቴ አርባ ነው። መጣሁ። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል። ወጥ የሚያግዙ የጎረቤት ሴቶች ግን አንድም አልመጡ። እማዬ ብቻዋን ሽንኩርት ትልጣለች።

ከሰዓት አያ ደሴ መጡ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ። የሴትዮዋን ስም ስጪንና ሁላችንም እንመጣለን አሉ። ይቅርታ ትጠይቃለች እንጂ ማንም አይነካትም አሉ። አዎ፣ አይነኳትም። እሳት አይጫርላት፣ ውሃ አይቀዳላት ይሏታል እንጂ። አውቃታለሁ። ኋላ ደውላ ማንነቷን ነግራኛለች፤ የዚሁ የቢቸና ሰው ናት። ስሟን ላንቺም አልጽፍ።

አያ ደሴ እንደወጡ እማዬ እግሬ ላይ ወደቀች። እናቴ፣ እኔ እግር ላይ! የአባትሽን ነፍስ አታስርቢ አለች። ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አነሳኋት። አገሩ ቢጣላም በልቅሶና በተዝካር አይቀርም፣ ይመጣሉ አልኳት። አመነችኝ። ከተጣደው አንድ ድስት አልቀነሰችም።

ጥር 24፣ እሑድ

አልመጡም።

ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ቀምሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ዳሱ ሙሉ አግዳሚ፣ ሰው የለ። በአጥራችን የሚያልፈው ፊቱን ያዞራል። ተዝካር ተነካ ብለው የተቆጡት ናቸው ተዝካር የማይበሉት። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች። አልቻልኩም። የሴትዮዋን ስም ልሰጥ ወሰንኩ። ነገ በጠዋት። ሰው ነኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንዲት ሴት እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ እንስራ ጠላ አዝላ ገባች። በኔ ጦስ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አለች። እማዬ ድምጿን ለየችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ ከጆሮዋ አይለይም። ፊቷ ተለዋወጠ። አሁን ታባርራታለች ብዬ ደነገጥኩ። እማዬ እንስራውን ተቀበለቻት። እጇን አስታጠበቻት። ብዪ ልጄ፣ ብዪለት አለቻት። ሁለቱም እያለቀሱ አንዷ አጎረሰች፣ አንዷ በላች።

ጥር 25፣ ሰኞ

አያ ደሴ ማልደው መጡ። ትላንት ስትገባ የታየችው ሴት ማናት ብለው እማዬን ጠየቁ። እማዬ ቀና አለች። የባሌን ተዝካር የበላች አንዲት ሰው ናት፣ እሷን ልስጣችሁ? አለቻቸው።

ከእድሩ ተሰርዛችኋል ብለው ወጡ። እማዬ ተቀመጠች። ስሞት ማን ይቀብረኛል አለች። አቅፌያት ዋልኩ።

ቦርሳዬን ሳነሳ ጠራችኝ። ቅዳሜ መስመሩን ክፈቺው፣ መጀመሪያ የምደውለው እኔ ነኝ፣ ስሜን ከነአባቴ ጠርቼ አለች።