ስለ ቀዩ መጋረጃ ለሊቀመንበሩ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሃሺዙሜ ቶኩጂ
የ«ሦስቱ ጥዶች» ፍልውሃ ማደሪያ ባለቤት፣
የኑሩካዋ ሸለቆ ማደሪያ ቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣
የእንግዳ አክባሪነት ዋንጫ ተሸላሚ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የዓይንዎን ጤንነት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

በረዶው ከየጣሪያው እየተንሸራተተ በአላፊ አግዳሚው ማጅራት ላይ በሚወርድበት በዚህ ወራት፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ በኩሬዎ የሚቀለቡት ባለቀለም ዓሦች፣ ይልቁንም ጀርባዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጀርባዎን ለይቼ መጠየቄ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በቅርቡ በመልካም እጅ መታጠቡን ሰምቼ ነው፤ ዝርዝሩን ቦታው ሲደርስ በትሕትና አቀርባለሁ።

እኔ ከድልድዩ ማዶ ያለው የቶፉ ቤት ልጅ ቶዋ ኢጋራሺ ነኝ። በየማለዳው ገና የሚተነውን ቶፉ፣ ያንን የአኩሪ አተር አይብ፣ ተሸክሜ በወጥ ቤትዎ በር የምገባው፣ ትምህርቴን ከመካከሉ ጥዬ ስወጣ መምህሬ «ምነው?» ሳይሆን «ተመስገን» ያሉልኝ፣ በሸለቆው የእንግዳ ነጠላ ጫማ ግራው ከግራ ሲጣመር ወይም በማኅበርዎ ሰሌዳ ላይ የተሳለው ድብ ድንገት ጢም ሲያበቅል ማስረጃ ሳይፈለግ ስሜ የሚነሣው፣ ያቺው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህም ደብዳቤ ከቀልዶቼ አንዱ ይመስልዎ ይሆናል። ቀልድ ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ ይልቅ ደስ የሚለው እኔን ነበር።

ጉዳዩ አክስቴ ሚሳኦ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በቤትዎ የእንግዳ አስተናጋጅ ሆና ምግብ ስትደረድር፣ ፍራሽ ስትዘረጋ፣ እንግዳ ሲመጣ ደጅ ወጥታ፣ ሲሄድም መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ጎንበስ ብላ ኖራለች። ስለዚህ ሁሉ የሰጧትን ሽልማት አይተን ቃል ስላጠረን፣ ቅሬታ የምትመስለውን ምስጋናችንን በቁጥር ከፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። በቤትዎ ሁለት የፍልውሃ ገንዳዎች አሉ፤ የድንጋዩና የእንጨቱ። እንግዳ ሁሉ ሁለቱንም ሳያይ እንዳይሄድ፣ ማታ ወንዶች የታጠቡበት ጠዋት ለሴቶች እንዲሆን፣ በየማለዳው ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ሰው በየደጃቸው ያሉትን መጋረጃዎች ያለዋውጣል፤ ሰማያዊው ለወንድ፣ ቀዩ ለሴት። ነገሩ ማንበብን እንኳ አይጠይቅም፤ እኔ ራሴ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። በቤትዎ ያ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ሰው አክስቴ ነበረች።

ማኅበርዎ በቤትዎ የዓመቱን ግብዣ አድርጎ፣ እርስዎም ስለ እንግዳ አክባሪነት ንግግር አድርገው፣ ንግግሩንም በሩዝ ጠጅ አርጥበው ባደሩበት ማግስት፣ ማታ ወደታጠቡበት ወደ ድንጋዩ ገንዳ እግርዎ እንደመራዎ ሄዱ። በደጁ ቀይ መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ቀና ብሎ መጋረጃ ሊያይ ነው እንዴ? እርስዎም አላዩም። መነጽርዎን ከልብስዎ ጋር በቅርጫቱ ትተው፣ እንፋሎቱን እየገፉ ገብተው፣ ከታጣቢዎቹ ረድፍ ባዶ ዱካ ላይ ቁጭ አሉና፣ አጠገብዎ ላለው ሰው ጀርባዎን ሰጥተው «ወንድሜ፣ እስቲ እሸኝ» አሉ።

ወንድምዎ ወይዘሮ ኡካይ ነበሩ። በየክረምቱ ከባሕሩ ዳር ጉልበታቸውን ሊያስታምሙ የሚመጡት፣ የመረብ ነጋዴው ባልቴት። እርስዎ «ጠንከር፣ ጠንከር» ሲሉ ጠንከር አደረጉ፤ ዘፈን ሲጀምሩም አላቋረጡዎትም። በኋላ አግኝቻቸው፣ ወይዘሮ፣ እንዴት ዝም አሉ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሻያቸውን ፉት ብለው «ልጄ፣ ጀርባ መጣልኝ፤ አጠብኩት» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ጨዋነት በዋንጫዎ ላይ ተቀርጾ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ግን ከገንዳው ውስጥ አንዲት ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ያኔ ክቡርነትዎ የፊት ለፊትዎን በሳፋ፣ የኋላዎን በአምላክ ከልለው ወጡ። ይህንን የማውቀው ቶፉዬን ይዤ በወጥ ቤቱ መተላለፊያ ስገባ ስለተገናኘን ነው። አላዩኝም፤ መነጽርዎ አሁንም በቅርጫቱ ውስጥ ነበር። የአክስቴን ሽርጥ አሸርጠው ነበር። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በእጇ እየመራች፣ ማንም እንዳያይዎ በጓሮ በኩል ወደ ክፍልዎ አደረሰችዎ። እኔን ስታይ ጣቷን በከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔ፣ በሕይወቴ ጥርሴን ነክሼ የማላውቀው ልጅ፣ ለእሷ ስል እየታነቅሁ ዝም አልኩ። እንግዲህ ገመናን መሸፈን ማለት ይህ ነው፤ ቃሉ ከንግግርዎ ስለጎደለ ላስታውስዎ ብዬ ነው።

ሁለተኛ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ዝም ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ወሬው እዚያው ይሟሟ ነበር። ሴቶቹም አልተናገሩም፤ አይናገሩምም ነበር። እርስዎ ግን የሰው ዝምታ ምሕረት ሳይሆን ወጥመድ መሰለዎ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ እንግዶቹ ለቁርስ በቀረቡበት አዳራሽ አክስቴን አስጠርተው፣ እርስዎ ሲገቡ ሰማያዊው መጋረጃ እንደነበረ፣ እሷ አርፍዳ እርስዎ ከገቡ በኋላ እንደቀየረችው፣ በዚህም ቸልተኝነት የቤቱ ክብር እንደተነካ አስረዱ። በጣም የሚያምር ማብራሪያ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ለግማሽ ትምህርቴ ከበደችው፤ እርስዎ ሲገቡ ሴቶቹ አስቀድመው ገብተው ነበር። መጋረጃው ሰማያዊ ከነበረ እነሱ በየት ገቡ? ከምንጩ ጋር ፈልቀው?

ይህን ማንም አልጠየቀዎትም። እመቤት ባለቤትዎም ዓይናቸውን ከምንጣፉ አላነሡም። አክስቴን ተንበርከኪ አሏት፤ ተንበረከከች። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አድርጋ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አለች። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አሰናበቷት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን፣ ዕድሜዋን የኖረችባትን ክፍል በዚያው ቀን አስለቀቋት፤ ዕቃዋን በቶፉው ጋሪ የገፋሁት እኔ ነኝ። ለጋሪው መንገድ እንዲከፈትልን በማዘዝዎ እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን ዘልዬዋለሁ። ጽፌው ነበር፤ ነገር ግን ጨዋ ቃል አንድም ስላልነበረበት እሳት ውስጥ ከተትኩት። ደህና ነደደ።

አራተኛ። ከቤትዎ ማባረርዎ አንሶ፣ በሊቀመንበርነት ሥልጣንዎ ለሸለቆው ማደሪያዎች ሁሉ «መጋረጃ የማትለይ ሴት» ብለው አስጠነቀቁባት። በየደጁ ሄዳለች። በየደጁም ቆመው በአክብሮት እጅ ነሥተዋታል፤ በአክብሮትም መልሰዋታል። በዚህ ሸለቆ ለእንደ እሷ ያለች ሴት ሌላ ሥራ የለም፤ ይህንንም ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አሁን ከቶፉ ቤታችን ፎቅ ላይ ታድራለች። ከእኛ ቀድማ ትነሣለች፣ የጸዳውን ታጸዳለች። በቀደም ዕለት ወፍ ሳይንጫጫ ብወርድ፣ የሱቃችንን ደጅ መጋረጃ አውርዳ፣ አራግፋ፣ መልሳ ስትሰቅል አገኘኋት። መጋረጃው አንድ ብቻ ነው፤ የሚለዋወጥበት የለውም። ምን እያደረግሽ ነው አላልኳትም። ክቡር ሆይ፣ እኔ በሰው የማልቀልድበት ጊዜ እንዳለ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ስለዚህም ትምህርት ባለዕዳዎ ነኝ።

እውነቱን ተናገሪ ብዬ ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ ኩርፊያም ሞክሬያለሁ። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አንቺ ልጅ፣ ልብስ ከሚወልቅበት ቤት ወሬ ለብሰው አይወጡም።» ሆድ ይፍጀው አለች። ሴቶቹም እንዲሁ። የእርስዎ ክብር ያለው በእነዚህ ሴቶች አፍ ውስጥ ነው፤ እነሱም አፋቸውን ዘግተው ጠብቀውልዎታል። እርስዎ የእሷን ክብር ይጠብቁ ቢባሉ አንድ ቁርስ አላቆዩትም።

አምስተኛ። ከዚያ ወዲህ በገንዳዎቹ መተላለፊያ ላይ አዲስ ማስታወቂያ አሰቅለዋል። ቀስት አለው፣ የወንድና የሴት ሥዕል አለው፣ ከሥሩም «እባክዎ ከመግባትዎ በፊት መጋረጃውን ይመልከቱ» ይላል። እጅግ ግሩም ነው። ግን ጥፋቱ አርፍዳ የቀየረችው ሴት ከሆነ፣ እሷም ከተባረረች፣ ይመልከቱ የተባለው ማን ነው? የወጥ ቤትዎ ሰዎች ማስታወቂያውን ባዩ ቁጥር ድስት ውስጥ አንገታቸውን ቀብረው ይስቃሉ። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህም ሕክምና ሳያስፈልገው አይቀርም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰዓት፣ የቤትዎ ሠራተኞችና የማኅበርዎ አባላት ባሉበት፣ አክስቴ በተንበረከከችበት ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው «ሳላይ የገባሁት እኔ ነኝ» እንዲሉ ነው። ረጅም ንግግር ለለመደ አንደበት ይህ ምንም አይደለም። ከዚያም ለየማደሪያው ያስተላለፉትን ማስጠንቀቂያ በራስዎ እግር እየዞሩ እንዲያነሡ። ወደ ቤትዎ ትመለስ አልልም፤ ይህ የእሷ ምርጫ ነው። ስሟ ግን የእርስዎ ንብረት አይደለምና ይመልሱላት።

ይህ እስኪሆን ድረስ ቶፉ ወደ ቤትዎ አይሻገርም። አባቴ ይህን ሲሰማ አኩሪ አተሩን ማጠቡን ቀጠለ፤ በእኛ ቤት ይህ እሺ ማለት ነው። ወይዘሮ ኡካይም ሥርዓት የሚጠብቁት ለባለሥርዓት መሆኑን ነግረውኝ፣ የሆነውን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ጀርባዎን በተመለከተ የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖርም ለመመስከር ዝግጁ ናቸው። በደንብ ያዩት እሳቸው ናቸው።

ዘመንዎ እንደ ፍልውሃችን የሞቀ፣ ዓይንዎ ከበረዶ በኋላ እንዳለ ሰማይ የጠራ፣ ምንጣፍዎም ለጉልበት የለሰለሰ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ካለው አቧራ ዝቅ ብዬ፣ ግን ዓይኔን ከፍቼ፣

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር
ቶዋ ኢጋራሺ
የቶፉ ቤቷ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አክስቴ ሳታውቅ በሕዝቡ ፍልውሃ ቤት ልለጥፈው ነበር። የአኩሪ አተሩ ከረጢት ላይ ትቼው ስመለስ ቆማ ስታነበው አገኘኋት። ትቀደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ብዕሩን ጠየቀችኝ። ንዴት ይዞኝ «አንተ» ብዬ የጻፍኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ እየሰረዘች «እርስዎ» አደረገቻቸውና፣ «ሰው ሲሰደብም በሥርዓት ነው፤ ስድ ስድብ ለተሰዳቢው ምሕረት ነው» አለችኝ። ከዚያ ከታች፣ በራሷ እጅ፣ የሚከተለውን ጨመረች፦

«ቀዩን መጋረጃ በሰዓቱ ሰቅዬዋለሁ። ሚሳኦ ኢጋራሺ።»

ሙጫውንም ወረቀቱንም ይዛ የሄደችው እሷ ናት፤ ለእርስዎ የደረሰው ግልባጩ ነው። የተለጠፈው እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሕዝቡ ጋር ለመታየት በሚመጡበት ፍልውሃ ቤት፣ በወንዶቹ መግቢያ ላይ ነው። የወንዶቹ መግቢያ በስተቀኝ ያለው ነው።