የእዝራ አዲስ ሥነ ሥርዓት

ለተወደድከው ወንድሜ ለዋቅጅራ፣

የጌታ ሰላም አሶሳ ድረስ ይድረስህ። እኛ የሰሚት ሰፈር ሰዎች ከመንገዱ ቁፋሮ በቀር የሚያማርረን የለም።

ልጅህ ቅዳሜና እሁድን ሊያሳልፍ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ መጥቷል። እንዳዘዝከኝም ሁለቱን ትምህርት ቤቶች አወዳድሬልሃለሁ። የድሮው፣ የቢሾፍቱው፣ ኋላ ቀር ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ከልጆች ጋር ተሰልፎ ሽሮ ይበላል፣ እነሱም ፊት ለፊቱ ይቀልዱበታል። አመራር ይማር ብለህ ያስገባኸው የአሁኑ ግን ሌላ ነው። ርእሰ መምህሩ የሚታየው ግድግዳ ላይ በፎቶ ነው፤ ማደሪያው ላይ የሚያዙት ወርቃማ ባጅ ያደረጉ ትልልቅ ተማሪዎች ናቸው። በሩ ላይ "መሪዎችን እናፈራለን" ይላል።

እዝራም ሠልጥኗል። ያ ለፍላፊ ልጅ አሁን ለሁሉም ነገር "እሺ፣ ይቅርታ" ነው መልሱ። ምሳ ቀርቦ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

"ብላ እንጂ፣ የኔ ጌታ።"

"ተፈቅዷል፣ አክስቴ?"

ስቄ ጉርሻ ጠቀለልኩለት። እጄን ወደ አፉ ሳነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፈነ። ጉርሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"ባለ ባጆቹ እንዴት ናቸው?" አልኩት።

"ጎበዞች ናቸው" አለኝ፣ በሩን በሩን እያየ።

እሁድ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ መገናኛ ጠብቆት ያለ እሱ ሄደ። ጉንፋን ይዞታል ብዬ ለትምህርት ቤቱ ደውያለሁ። ጉንፋኑን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ አንተ እስክትመጣ ድረስም አይሻለውም።

ቤተሰቡ ሁሉ በያለበት ሰላም ይልሃል። እዝራም ሰላም ብሎሃል፤ መጀመሪያ አስፈቅዶኝ ነው።

እህትህ እድላዊት