አውራ ጣትሽ የሚያርፍበት ስም

ይድረስ ለእታለም ዘነበች፣ ኢሉባቦር፣ ጎሬ።

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ በክረምት የሚነሣብሽ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንደ ግብር ሰብሳቢ ቀኑን ጠብቆ መጣ? ጋሼ አበባውስ? ቡናው፣ ቀፎው፣ ላሚቱ፣ ከሁሉ በላይ ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ፤ ናፍቆትሽ ብቻ እንደ አዲስ ጫማ በየእርምጃው ይልጠኛል።

ይህን የምታነብልሽ ሜላት መሆኗን አውቃለሁ። ሜላትዬ፣ ጽሑፉ የአጎትሽ የእሸቱ የራሱ እጅ ነው፤ ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርት ከገባሁ ገና አሥር ወር ነው። ከሠላሳ አንድ ጎልማሳ ሦስተኛ ወጥቻለሁ። ከእኔ በላይ ያሉት ሁለቱ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት የቆጠሩ ስለሆኑ፣ አንደኛ ወጣሁ ብል ውሸት አይባልም። የእህል መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን የአይሱዙ ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ሾፌሮቹ «ጋሼ እሸቱ፣ እባክህ ታርጋችንን እንኳ ተውልን» ይሉኛል።

እታለም፣ ከዚህ በኋላ ያለው ቀልድ የለውም፤ ካመለጠኝም ጠባዬ ነውና ታገሺኝ። ልጄ ማህሌት ታማብኛለች። በስልክ ትንሽ አሟታል ያልኩሽ ትንሽ አይደለም። ጉንጮቿ ላይ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የመሰለ ቅላት ወጥቶባታል፤ ፀሐይ ሲያገኛት ይብስባታል። ጣቶቿ አብጠው እስክሪብቶ መያዝ አቅቷታል። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ እስኪጠፋ ፊቷ ያብጣል፣ ሽንቷም ቀልቷል። ይህን ስትሰሚ ማን ትዝ እንዳለችሽ አውቃለሁ። እህቷ ቃልኪዳኔም እንዲሁ ነበረች። በሰባት ዓመቷ ስትለየን ሰፈሩ ምች ነው አለ፣ ቀጥሎ ዓይን ነው አለ፣ በመጨረሻ የእናትየዋ እርግማን ነው ብሎ ተስማማ። ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ዝም የሚል ሌላ እሸቱ ይፈልጉ።

ማህሌትን ወልድያ ወስደናት ዶክተር መስከረም የምትባል ሐኪም ዘንድ ደረስን። በሽታው ሉፐስ ይባላል አለችን። ሰውነት ከውጭ ጠላት የሚጠብቀው የራሱ ዘበኛ አለው፤ በዚህ በሽታ ግን ዘበኛው ተሳስቶ የቤቱን ባለቤት ይደበድባል አለች። እኔ ከፋኝ። አሥራ አንድ ዓመት በዘበኝነት ስኖር አንድም ባለንብረት መትቼ አላውቅም አልኳት። ሳቀች። ማህሌትም ከስንት ጊዜዋ ሳቀች፤ ስለዚህ ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሠራው የእኔ ቀልድ ነው።

ከዚያ ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። የብዙው ሰው ሉፐስ መነሻው ብዙ ስለሆነ አንዱን ነጥሎ ይህ ነው ማለት አይቻልም። እንዲህ በልጅነት ሲጀምር፣ እህትም በዚያው ስትሞት ግን፣ አልፎ አልፎ በዘር የሚወረስ፣ በዓለም ላይ በጥቂት ቤት ብቻ የሚገኝ አንድ ጉድለት ይኖራል። እናትና አባት ጉድለቱን አንድ አንድ ይዘው ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ፤ ከሁለቱም የወረሰው ልጅ ግን ይታመማል፤ ወላጆቹ ሲዛመዱ ደግሞ ይህ ይበዛል። ከተገኘ ለማህሌት የሚስማማትን ሕክምና ለመምረጥ ሊረዳ ይችላል፤ ገና ሦስት ዓመቱ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ሚኪያስም ሳይታመም አስቀድሞ ይታያል። ላይገኝም ይችላል፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነግራናለች። የአራታችንም ደም ተቀዳ፤ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ይሄዳል። ነርሷ ለፈቃዱ የጣት ቀለም ስታቀርብልኝ መልሼ ገፋሁላትና ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩ። ቦታው ስላልበቃኝ የአያታችን የደምሴ ስም ሳጥኑን አልፎ ወጣ።

ሐኪሟ ከባለቤቴ ከንግሥት ጋር ዝምድና አላችሁ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጃገረድ ትታጫለች? አጎታችን አያ ስዩም ያስጠኑኝን፣ የእኔንም የእሷንም ሰባት ሰባት አባት ሳልተነፍስ ዘረገፍኩት። ሐኪሟ የዘር ሐረጉን በወረቀት ሣለችና «ዝምድና የለም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ክፍል ስወጣ ባጃጅ የሚበቃኝ አልመሰለኝም።

ኩራቴ አንድ ሳምንት ቆየ። ውርጌሳ ለቅሶ ሄጄ ይህንኑ ስፎክር እማማ ሸዋዬ፣ የአያታችን ባለቤት ሚዜ የነበሩት፣ ከጥግ ሆነው ሰሙኝ። «አንተ ልጅ፣ የጡት አባቱን ቆጠርክ። የደም አባቱንስ ለማን ተውከው?» አሉኝ።

አያታችን ደምሴ በሕፃንነቱ ቅድመ አያታችን የምንለው ወርቁ በማር የነከረለትን አውራ ጣት ጠብቶ የጡት ልጁ የሆነ ነው ለካ። ከዚያ ወዲህ ደምሴ ወርቁ ተባለ፤ የወለደው ሰው ስም እንዲረሳ ተደረገ። እማማ ሸዋዬ እርግጠኛ አይደሉም፤ በጉምጉምታ የሰሙት ግን ሽፈራው የሚባል የጉባ ላፍቶ ሰው ነው። ሽፈራው ደግሞ የንግሥት ቅድመ አያት ነው። እውነት ከሆነ እኔና ንግሥት ሰባት ቤት ሳይሆን ሦስት ቤት ነን። ሐኪሟ የያዘችው ወረቀት ሐሰት፣ የምትከተለውም መንገድ ጠማማ ነው ማለት ነው።

እርግጡን የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉኝ እማማ ሸዋዬ። በሰባ ሰባት ለሠፈራ ስትሄጂ አያታችን በጆሮሽ ነግረውሽ ነበር። ለሠርጌ መጥተሽ ነገሩ ሲገባሽ ለአያ ስዩም ነገርሽ፤ ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ታርዶ ነበርና ከጎተራው ጀርባ ቄስ ጠርተው አስገዘቱሽ። ስደውልልሽም «አፌ ታስሯል» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። አልተቀየምኩሽም። ድግሱን ያዩት እሳቸው ናቸው፤ አንቺ ያየሽው እኔን ነው።

አያ ስዩም ዘንድም ሄድኩ። ይህ ከተሰማ ትዳርህ ይፈርሳል፣ ለሚኪያስም ልጁን የሚሰጥ አይገኝም፣ ልጅቱን ጠበል ወስደህ አርፈህ ተቀመጥ አሉኝ። ጠበሉንም እንወስዳታለን፣ አላርፍም ግን አልኳቸው። ለሚኪያስ ሚስት ከመፈለጌ በፊት ሚኪያስን ላቆየው አልኳቸው። ትዳሬን የሚያፈርስ ሽማግሌ ካለ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እኔ ነኝ፣ ይምጣ አልኩና ወጣሁ።

ለንግሥት የነገርኳት ግን ሦስት ጊዜ ከደጅ ተመልሼ ነው። ልብስ እያጠበች ነበር፤ የያዘችውን ጨምቃ ገመድ ላይ ሰቀለች። ከዚያ «ቃልኪዳንን እርግማኔ ገደላት ሲሉኝ ስምንት ዓመት አንገቴን ደፍቻለሁ። እርጉም ከምሆንብህ ዘመድህ ብሆን ይሻለኛል» አለችኝ። እታለም፣ ከዚህ በኋላ የምፈራው ሰው የለም።

አሁን ስሚኝ። ያስገዘቱሽ ከአፍሽ እንዳይወጣ ነው። ስለ እጅሽ ያሰበ አልነበረም፤ እዚያ ጎተራ ጀርባ ከቄሱ በቀር መጻፍ የሚያውቅ ማን ነበርና? ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። በላይ «ወርቁ»፣ ከሥር «ሽፈራው» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ፤ ከታች ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ሜላት የትኛው የቱ እንደሆነ ታሳይሽ። የወለደው ላይ አውራ ጣትሽን አሳርፊ። ከሁለቱም ውጪ ከሆነ ባዶውን ንኪ። አንዲት ቃል አትተንፍሺ። ሜላት በስልክ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ በማግስቱ ወልድያ ነኝ። ግዝቱ ይደርሳል ካልሽ በእኔ ይድረስ፤ ጻፍኩልሽ እኮ፣ በፊርማዬ።

ጋሼ አበባውን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ቀፎውን ለብቻቸው አይቁረጡ። ኤርሚያስን ጎረመስክ በይልኝ። ሜላት ደብዳቤውን ሳትሳሳት ካነበበች ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ከተሳሳተችም የእሷ ጥፋት ነው። ንግሥት ከመሬት ዝቅ ብላ ሰላም ትልሻለች። ሚኪያስ አክስት ምን እንደሆነች ባያውቅም ይስምሻል። ማህሌት ባርኔጣዋን አድርጋ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ለእትዬ ዘነበች ምን ልበልልሽ ስላት፣ ጣቷ እንዳያማት ቀስ ብላ ትጫነው በልልኝ አለች።

ቀለም ከየት አመጣለሁ እንዳትዪ። ያን የገፋሁትን የጣት ቀለም ነርሷ ዘንድ ተመልሼ፣ አንገቴን ደፍቼ ለመንኳት፤ በላስቲክ ጠቅልዬ አብሬ ልኬልሻለሁ። በአውራ ጣት የተሸፈነውን በአውራ ጣት ግለጪልኝ።

ወንድምሽ እሸቱ
መርሳ፣ ሀብሩ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.