ሁለት አውራ ዶሮና አንድ ግቢ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን

የኔ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። አብሮ የሰጠሁት ካርቶን ሰጋቱራ ብቻ መስሎህ እንዳትጥለው፤ ውስጡ እንቁላል አለ። "እንዳይሰበርብህ ቀስ ብለህ ንዳ" ስለው፣ "እናቴ፣ ሰው ጭኜ ያልተጠነቀቅኩትን ለእንቁላል ልጠንቀቅ?" አለኝ። የተሰበረ ካለ ከሱ ጠይቅ፤ ከቤት ሲወጡ ሁሉም ደህና ነበሩ። እኛም እንደ እንቁላሎቹ ነን፤ ደህና ነን፣ እንዳንሰነጠቅ ብቻ እንጠነቀቃለን።

ስትደውልልኝ ሁልጊዜ እንደቸኮልክ ነው። "ዶሮዎቹስ?" ትላለህ፣ "ደህና ናቸው" እላለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። የዶሮ ወሬ ግን እንዲህ በአጭሩ አያልቅም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

ትተሃቸው የሄድካቸው ሴቶቹ ሁሉም አሉ። ሽማግሌው አውራ ዶሮ ግን ሞቷል፤ በሽታ አይደለም፣ ዕድሜ ነው። ከመሞቱ በፊት ቀይዋ ታቅፋ ስለነበር ዘሩ አልጠፋም። አክስትህ የምትታቀፍ ዶሮ ስላልነበራት የነጭ ዶሮዋን ሦስት እንቁላል አምጥታ ጨመረችባት። "ሹሉ እንቁላል ወንድ፣ ክቡ ሴት ነው፤ ክብ ክቡን መርጬ ነው ያመጣሁት" ብላ ምላለች። ሦስቱም ወንድ ሆኑ።

አሁን ስለ አባትህ። ለሰው ቁምሳጥን ያስቀመጠውን ጣውላ የዶሮ ቤት አድርገህ ስትጠብቀው ምን እንዳለህ ሁለታችሁም አትረሱትም፤ እኔም ልደግመው አልፈልግም። አንተ ለሥራ ሄድክ እንጂ ተባረርክ አልልም። ከሄድክ በኋላ ወር ያህል በዶሮ ቤቱ በኩል እንኳ አልፎ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን የሠራኸው በር በነፋስ ሲንገጫገጭ ሰማው። "ይህ በር ከአናጢ ግቢ ነው የወጣው ቢባል ማን ያምናል" አለና ነቅሎ እንደገና ገጠመው። በሩን ሲገጥም ቆጡን አየ፤ ሸካራ ነው፣ እግራቸውን ይልጠዋል ብሎ በመላጊያ አለሰለሰው። ቀጥሎ የእንቁላል መጣያ ሳጥኖች ሠራላቸው። እንደ ሙሽራ ዕቃ የሚያምሩ ነበሩ። እጁ አላርፍ ብሎት ቫርኒሽ ቀባቸው፣ አንዴም አይደለም፣ ደጋግሞ።

ታዲያ ከቫርኒሹ ሽታ የተነሳ አንዲትም ዶሮ ወደዚያ ዝር አትልም። እነሱም ሌላ ቤት ፈለጉ፤ ከአባትህ የሥራ ጠረጴዛ ሥር ያለው የሰጋቱራ ክምር። ጥቁሯ እዚያ ገብታ ስትቀመጥ እሱ መጋዙን ያቆማል። ባለፈው አንድ ደንበኛ ወንበሩን ሊወስድ መጣ።

"ደረሰልኝ?"

"ለነገ ነው።"

"ለዛሬ አላሉኝም እንዴ?"

አባትህ በጣቱ ወደ ጠረጴዛው ሥር አሳየው። "ሠራተኛዋ ሥራ ላይ ናት" አለው።

ጫጩቶቹ ሲጎረምሱ ግን ሰላማችን ሄደ። አምስት ጎረምሳ በአንድ ግቢ ምን እንደሚያደርግ አንተ ታውቀዋለህ። ድምፃቸው ገና ሲወጣ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ይመስል ነበር። ሴቶቹ እፎይ አላሉም፤ ላባቸው እየተነጨ የሁለቱ ጀርባ ተመልጧል፣ እንቁላሉም ቀነሰ። ነጮቹን ሦስቱን አባትህ ራሱ ወደ አክስትህ ተሸክሟቸው ሄደ። "ክብ ክቡ እንቁላልሽ ይኸውልሽ" ብሎ አስረከባት። እሷም "ደግ ነው፣ እንኳን ሹሉን አላመጣሁ" አለችው።

የቀሩት ሁለቱ የቀይዋ ልጆች ናቸው፤ ያንተው። ስም ያወጣላቸው አባትህ ነው። ትልቁ "ሥራ አስኪያጁ" ይባላል። ደረቱን ነፍቶ ግቢውን ይዞራል፣ ሲጭር አይቼው አላውቅም፤ ሌላው ጭሮ ሲያገኝ ግን ቀድሞ ይደርሳል። ላባው ግን ዓይን ያፈዛል። ቀጭኑ "ዘበኛው" ነው። ጭልፊት ሲያንዣብብ እሱ ነው የሚጮኸው፤ በቆሎ ሲያገኝም ሴቶቹን ጠርቶ ካበላ በኋላ ነው የሚበላው። ጉድለቱ ሰው አይወድም። የኔን ቁርጭምጭሚት ሁለት ጊዜ ነክሶታል።

ሁለቱ በአንድነት ሊኖሩ አልቻሉም። አባትህ ግቢውን በርብራብ ከፍሎ በፈረቃ አስገባቸው፤ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት። ጥቂት ጊዜ ሠራ። አሁን ግን የታገደው ሁሉ ርብራቡን እየደበደበ ራሱን ያደማል። ሰኞ ዕለት ዘበኛው ሾልኮ ገብቶ ከወንድሙ ጋር ሲተላለቁ ደረስን፤ አንዱ ዓይኑን ለጥቂት ነው የተረፈው። አንዳቸው ከዚህ ግቢ መውጣት አለባቸው፤ ይህ ግልጽ ነው።

ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ለዘር የሚሆን አውራ ዶሮ ይፈልጋል። ማክሰኞ መጣ።

"ጋሼ፣ አንዱን ይሽጡልኝ። የፈለጉትን ይስጡኝ እንጂ አላማርጥም።"

"ባለቤቱ የለም።"

"ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ አናጢው ነኝ" አለው አባትህ።

ዳቦ ጋጋሪው ወደኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔ የማጥበው ሳህን ነበረኝ። "እስከ ቅዳሜ ማታ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ከገበያ እገዛለሁ" ብሎ ሄደ።

ማታ፣ "ለምን አንዱን አትሰጠውም? ዶሮዎቹ ተጎዱ እኮ" አልኩት።

"የሰው ዶሮ ልስጥ?"

ዛሬ ጠዋት ወረቀት ይዤ ስቀመጥ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የተወለወለ መላጊያ መልሶ ይወለውላል።

"ለማን ነው?"

"ለልጅህ።"

የመላጊያውን ስለት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ሁለቱንም በደንብ ግለጪለት። የትልቁን መልክ ብቻ እንዳትጽፊ፣ የትንሹንም ጠባይ ጻፊ" አለኝ።

"አንተስ የትኛው ይቆይ ትላለህ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። በዚህ ቤት ዶሮ የሚያውቀው እሱ ነው።"

ልጄ፣ ከሄድክ ወዲህ ስላንተ ከአፉ ቃል ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ካየሁት የሚያቆም መስሎኝ።

መልሱን ለኔ አትጻፍ፣ በኔም አትላክ። መልእክት ላይ ደካማ ነኝ፤ ሥራ አስኪያጁን ዘበኛ፣ ዘበኛውን ሥራ አስኪያጅ አድርጌ ጉድ እሠራለሁ። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት በቤቱ ስልክ ደውል። በዚያ ሰዓት እኔ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነኝ፤ ቀሚሴን ልትለካልኝ ነው፣ እሷ ደግሞ ወሬ ከጀመረች አትለቅም።

ማንሳቱን ከተጠራጠርክ ልንገርህ። ከመኝታ ቤት ስልኩን ነቅሎ፣ ገመዱን አስረዝሞ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።

የጀመርከው ይቅናህ፣ የነካኸው ይበርክትልህ። ሌሊት ሲበርድ ደረትህን ሸፍን።

እናትህ