ውሃ የበዛበት ወይን

ውድ ቤቶ፣

«ውድ» ያልኩህ ወድጄ እንዳይመስልህ። አባ ኪመንቲ ደብዳቤ ያለሱ አይጀመርም ስላሉኝ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። በእኔ ቢሆን ሌላ ስም ነበረኝ ላንተ።

ወንድሜን ኔንቾን ቀበርነው። አንተ አብረኸው ስትገነባ የኖርከው ሰውዬ፣ ለግንባታው ሹሞች «ሰክሮ ነው የወደቀው» አልካቸው፤ አመኑህ። እሁድ በቅዳሴው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሲሠሩ የሞቱት ሁሉ ስማቸው ሲጠራ፣ በስካር ሞተ ተብሎ የእሱ ተዘለለ። እናቴ «ጆሮዬ ነው ወይስ አልጠሩትም?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበላት?

አንተ ሰው፣ እዚያ ጉልላቱ ላይ በምሳ ሰዓት ወይን የምቀዳው እኔ አይደለሁም እንዴ? ግንበኛ ራሱ እንዳይዞርበት፣ ለነፍሰ ጡር እንደሚሰጠው በውሃ አቅጥኚው ብለው ያዘዙኝ እነዚያው ሹሞች ናቸው። ኩባያህን ዘርግተህ «ላፓ፣ እንግዲህ መቼ ነው የምንወልደው?» እያልክ ሰው የምታስቀው ራስህ ነህ። ኔንቾም «አንተማ መንታ ነው የያዝከው፣ ቦርጭህ ያስታውቃል» ይልህ ነበር። በዚያ ውሃ ማን ይሰክራል!

አያቶቻችን ክፍት የተዉት ጣሪያ፣ ፍሎሬንስ በሙሉ አንጋጦ የሚያየው ጉልላት፣ ከሥሩ የሚደግፈው እንጨት የለውም። ጡብን የሚይዘው ጡብ ነው። ጥቂቱን አጋድማችሁ አንዱን ታቆማላችሁ፤ ኖራው እስኪደርቅ የተጋደመው እንዳይንሸራተት የቆመው ይይዘዋል። ኔንቾ «ቤቶ፣ የሚቆመውን አትዝለል» ሲልህ ምሳ እያቀረብኩ ስንቴ ሰምቻለሁ! «እንደ አሮጊት አትነዝንዘኝ» ነበር መልስህ። በወደቀ ማግስት ሄጄ አየሁት። የተናደው ያንተ ረድፍ ነው፤ በተረፈው ጫፍ አንድም የቆመ ጡብ የለም። ወንድሜ የረገጠው አንተን አምኖ ነው፣ አንተ ከሃዲ!

እዚህ ላይ አባ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ኧረ ላፓ፣ ለእግዚአብሔር ስጪው» አሉኝ።

«ጻፉ አባ!» አልኳቸው። ጻፉ።

ነገ ምሳ ላይ ያንተ ኩባያ ውሃ አይገባበትም። ሰው ሁሉ እያየ ንጹሕ ወይን እቀዳልሃለሁ። ወይ ኩባያውን አስቀምጠህ ለሹሞቹ እውነቱን ትናገራለህ፤ አባም በመጪው እሁድ ስሙን ይጠሩታል። ወይ ግጥም አድርገህ ትጠጣና ከተረፈው ረድፍህ ላይ ትቆማለህ።

ብትወድቅ አታስብ። «ሰክሮ ነው» ብዬ እመሰክርልሃለሁ።

የኔንቾ እህት፣
ላፓ