የሐሙሱ ጫማዬ ወራሽ

እኔ ናም ፒልሱን፣ የሰማንያ አንድ ዓመት መበለት፣ ዛሬ ሐሙስ ኖቬምበር 9 ቀን 2017፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሞክፖ ከተማ፣ በቤቴ ተኝቼ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ እናገራለሁ። የምትጽፈው ምራቴ ሄሪም ናት። ልቤ ቢደክምም ሳቄ አልደከመም፤ ምስክሮቼ ካሳቁኝ ጥፋቱ የእነሱ ነው።

ቤቴንና ጎመን በበርበሬ የማኮመጥጥባቸውን የኪምቺ ማሰሮዎቼን ልጄ ዶንጉክ ይውረስ። ሚስቱ ሄሪም ማሰሮዎቹን አትወዳቸውም፤ ራሱ ይሙላቸው።

በአርባ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩበትን የመዝሙር መጽሐፌን፣ ምስክር አይወርስም ስለሚባል፣ አሁኑኑ ለባልንጀራዬና ለምስክሬ ለጆምሬ በእጇ ሰጥቻለሁ። እሷና እኔ የቤተ ክርስቲያናችንን ሕመምተኛ፣ አራስና ሐዘንተኛ ያለ ደመወዝ ስንጠይቅ ኖረናል። ጆምሬ፣ መዝሙር ከፍ አድርገሽ አትጀምሪ፤ ውሻ ብቻ ነው የሚከተልሽ።

«እትዬ፣ በኑዛዜ ይሰደባል እንዴ?» አለች። ይህም ይጻፍ።

ጥቁሩ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም፤ በየሰው ደጅ ቶሎ ይወልቃል። እሱን የሚወርስ ሁለተኛውን ምስክሬን ጋሽ ቦንግንም ይወርሳል።

አንድ ሐሙስ ከጆምሬ ጋር አራስ ልንጠይቅ ሄደን፣ ሕንጻዎቹ አንድ ዓይነት ናቸውና፣ የጎረቤቱን ሕንጻ ዘጠነኛ ፎቅ አንኳኳን። የከፈቱልን ሽማግሌ፣ እኚሁ ጋሽ ቦንግ፣ የሕፃኑ አያት መሰሉን። ጫማ አውልቀን ገባን፣ ዘመርን፣ ለእናትየው ወተት፣ ለሕፃኑ እንቅልፍ ጸለይን። በየመሐሉ «አሜን» ይላሉ። ፖም ልጠው አበሉን። ልንወጣ ስንል፣ «ይቅርታ፣ ለመሆኑ ማን ነው የወለደው?» አሉ።

ሊፍት ውስጥ በሳቅ መቆም አቃተን። በሚቀጥለው ሐሙስ ይቅርታ ልንጠይቅ ብንመለስ ፖሙ ተልጦ ጠበቀን። ከዚያ ወዲህ ቀርተን አናውቅም። ጋሽ ቦንግ ግን ቤተ ክርስቲያን ረግጠው ስለማያውቁ ከሚጠየቁት ውስጥ አይቆጠሩም። ጆምሬም ልጇ ዘንድ ቡሳን ከተማ ልትገባ ነው። እኔ ስሞት ያን በር የሚያንኳኳ የለም።

«እኔ እዚሁ ተቀምጬ እንደ ድመት ታወርሱኛላችሁ?» አሉ ጋሽ ቦንግ።

«ዝም ይበሉ፣ ምስክር አይናገርም!» አለች ጆምሬ።

ጫማውን ለሄሪም አውርሻለሁ። ሄሪም ጠያቂ ሲመጣባት መብራት አጥፍታ ሶፋ ጀርባ የተደበቀች ናት። ደጅ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ስደውልላት «ገበያ ነኝ፣ እማማ» አለችኝ፤ ድምፅዋ በስልኩም በበሩም ይሰማኛል! ሰው ሲመጣ እንዲህ የምትፈራ፣ ሌላ ቤት ስትገባ በእርጋታ ነው የምትገባው።

ልጄ፣ ከመውጣትሽ በፊት ግን የራስሽ ባል ደህና መሆኑን እዪ። የእኔ ባል ቤት ያረፈው፣ እኔ ሰው ቤት ሄጄ የታመመ የሰው ባል ሳጽናና ነው። በዚህ ስቄ አላውቅም።

ተነብቦልኝ ፈርሜያለሁ፦ ናም ፒልሱን

ምስክር ጎንግ ጆምሬ፦ መዝሙሩን ተረክቤያለሁ። ዝቅ አድርጌ እጀምራለሁ።

ምስክር ቦንግ፦ በሕይወት እያለሁ መወረሴን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጸሐፊ ሄሪም፦ ጫማው ጠቦኛል። ሐሙስ ተረከዙን ረግጬም ቢሆን እሄዳለሁ።