ራንጌል ኮሌቭና የጥንቸሏ ራስ

ወንድሜ አቶ ራንጌል ኮሌቭ ከአባታችን ከኮሌ ራንጌሎቭና ከእናታችን ከቬሊካ፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ከሮማውያን ምሽግ ሥር ባለችው መንደራችን እ.ኤ.አ. በ1938 ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው አባታችን ሲሞቱ አካፋ ያዙ። እኔ ታላቅ እህታቸው ስቶያንካ ያንንም አላገኘሁ።

በ1961 ምሽጉን ለሚቆፍሩት በቀን ሠራተኛነት ተቀጠሩ። የተማሩት መጽሐፍ እስኪገልጡ፣ እሳቸው ገሉን በጥፍራቸው አንኳኩተው የየት አገር ሸክላ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። በ1964 ወይዘሮ ኔዳን አግብተው ፔትራናን ወለዱ።

በ1987 ከሮማውያኑ ወታደሮች ማደሪያ ወለል ሥር፣ ዙሪያውን ውሻ ጥንቸል ሲያባርር የተቀረጸበት ቀይ ሳህን አወጡ፤ ሠላሳ አራት ስባሪ። ቤት ወስደው እንዲጠግኑት አደራ ተሰጣቸው። ሁለት ክረምት ፈጀባቸው።

ሊያስረክቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ኔዳ አረፉ። እኛ ዘንድ ሬሳ ሲወጣ ሞት እንዳይመለስ ደጃፍ ላይ ሸክላ ይከሰከሳል፤ ስባሪውን የሚያነሳ ሰው የለም። የከሰከስኩት እኔ ነኝ። ሳላይ እጄ የገባውን ከመደርደሪያው አነሳሁ፤ ቀዩ ሳህን ነበር።

«እትዬ፣ ወታደሮቹ እንኳ እንዲህ አላደቀቁትም» አሉኝ ወንድሜ። ከዚያ ተንበርክከው ይለቅሙ ጀመር። ለቀስተኛው ሁሉ ሞትን ጠራው ብሎ አማተበ።

«ተወው፣ ገል ኔዳን አይመልስም» አልኳቸው።

«አይመልስም። አደራዬን ግን እመልሳለሁ።»

የለቀሙትን ሲያቀርቡ የቁፋሮው ኃላፊዎች ዋናውን ሸጦ የጡብ ፍርፋሪ አመጣልን ብለው አባረሯቸው፤ በመዝገባችን የተሣለችው የጥንቸሏ ራስ ካልመጣች አናምንም አሉ። እናንተም ሌባ ብላችኋቸዋል፤ እዚህ ከቆማችሁ ስሙ። ወንድሜ ሳህኑን እንደገና ገጠሙት። ቀኝ እጃቸው ሽባ ሲሆን በግራቸው ቀጠሉ። የጥንቸሏ ራስ ብቻ ጠፋች።

ራሷ ሳህኑ ሲከሰከስ ተፈናጥራ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ገብታ ነበር። በሳምንቱ ሳጥብ አገኘኋት። ለመስጠት አፈርኩ፤ እፍረቱ ኩራት ሆነ፤ ኩራቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ሳንባቸው ታሞ ሲማቅቁ ከርመው ጥር 9 ቀን 2008 በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ቁራጯን ያመጣሁት ሲገነዙ ነው። ፔትራና ከእጄ ተቀብላ አጣበቀቻት። ሳህኑ ይኸው ከሣጥናቸው ራስጌ ነው፤ ከቀብር መልስ እሷው ታስረክበዋለች።

ከኋላቸው ልጃቸው ፔትራናና እኔ ቀርተናል። ዛሬ ደጃችን ላይ ሸክላ አልተሰበረም፤ የከለከልኩ እኔ ነኝ። ሞት መመለስ ካማረው ይመለስ፤ ተረኛዋ እኔው ነኝ። የደቀቀውን የሚገጥም አምላክ ነፍሳቸውን ከኔዳ ጎን ያሳርፍ። እኔን ግን ወንድሜ ራሳቸው ይማሩኝ።